ለጠመንጃው የመጣው ሰው

አንድ ገበሬ ነበረ፤ ከጠመንጃው ጋር የሚተኛ።

አትሳቅ፤ እውነቴን ነው። ሚስቱ በግድግዳው በኩል፣ እሱ በበሩ በኩል፣ ጠመንጃው መሃል። ሚስቲቱ ውሃ ስትቀዳ ለጎረቤት ሴቶች «ከብረት ጋር መተኛት ከጀመርኩ ሁለተኛ ክረምቴ ነው፤ ወገቤ በብርድ አለቀ» እያለች ታማው ነበር። ሴቶቹ ይስቃሉ። እሱ ግን አይስቅም። የሚስቅ ሰው አልነበረም።

አንተ «አጥሬን ዘሎ የገባን ሰው ‹ማነህ?› ብዬ ጠይቄው ዝም ቢለኝና ብተኩስበት፣ ጥፋቱ የማን ነው?» ብለህ ጠይቀኸኛል። ጠመንጃህን እዚያ ግራር ላይ አስደግፈህ፣ አንድ ዓይንህን እኔ ላይ፣ አንዱን እሱ ላይ አድርገህ ነው የጠየቅኸኝ። እንግዲህ ተቀመጥ። መልሱ በአንድ ትንፋሽ የሚያልቅ አይደለም።

ያ ገበሬ ክፉ ሰው አልነበረም። ግብሩን የሚከፍል፣ ጾሙን የሚጾም፣ ለማኝ በባዶ እጁ የማይመልስ ሰው ነበር። ከደጁ አንድ በሬ ጠፋበት እንጂ። ለእርሻ የሚጠመድ፣ ጎኑ ነጭ፣ ስሙን ሲጠራው ቀና የሚል በሬ ነበር። ፈልጎ ፈልጎ አጣው። ቆዳው አልተገኘ፣ ቀንዱ አልተገኘ። በዚያው ሰሞን ደግሞ ፈንቴ ከሚባል ድንበርተኛው ጋር ተጣልቶ ነበር። ጠቡ የወሰን ድንጋይ ተገፋ፣ አልተገፋ የሚል ነው። ሁለቱ ከልጅነታቸው ጀምሮ ወንፈል እየገቡ፣ አንዱ የሌላውን እርሻ እያገዘ የኖሩ ሰዎች ናቸው፤ በመሃላቸው ባለው አጥር ላይ እንኳ ሁለቱ ብቻ የሚያውቁት መሹለኪያ ነበራቸው። ከጠቡ በኋላ ገበሬው መሹለኪያውን በቀጋ እሾህ ደፈነው። በሬውን ማን እንደወሰደው ዓይቶ የሚመሰክር አልነበረም። እሱ ግን በሆዱ ፈርዶ ጨርሷል። ሰው ሲጣላ ምስክር አያስፈልገውም፤ ጠቡ ራሱ ይመሰክርለታል።

ጠመንጃውንም የያዘው ከዚያ ወዲህ ነው። ሲያርስ በትከሻው፣ ሲበላ በጉልበቱ፣ ሲተኛ በጎኑ። «የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል» ሲሉት «ይድረስ፤ ተዘጋጅቻለሁ» ይል ነበር። እንዴት ያለ ነገር እንደሚደርስበት ግን ማን ይንገረው?

ይህ ሰው በዓለም ላይ አንድ የሚሳሳላት ነገር ነበረችው። አንጓች የምትባል ልጁ ናት፤ ያለ እሷ ልጅ የለውም። ከወንዝ ማዶ ድሯት፣ በዚያ ዓመት የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ወሯ ገብቶ ነበር። እናቷ ለገንፎው የሚሆን ገብስ አስፈጭታ አስቀምጣለች። እሱም አንድ ሙክት ቀልቦ፣ በየቀኑ ወገቡን እየዳሰሰ «እልልታውን ስሰማ አርድሃለሁ» ይለው ነበር። ከዚያ ማዶ የሚመጣ ሰው ሁሉ የምሥራች የያዘ እየመሰለው አንገቱን ያሰግጋል።

አንድ ማለዳ ታዲያ፣ ሰው ከሩቅ ቁመቱ እንጂ መልኩ በማይለይበት ሰዓት፣ ከጓሮ በኩል የደረቀ እሾህ ሲሰበር ሰማ። ብድግ ብሎ ጠመንጃውን አነሣና ወጣ። አጥሩ ሥር አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ የተደፈነውን መሹለኪያ በዱላ እየከፈተ ይገባል። ውሻው አጠገቡ ቆሟል፤ አልጮኸም። ጅራቱን እየቆላ ነው።

የውሻው ዝምታ ነው ገበሬውን ያሳበደው። በሬው በጠፋበት ሌሊትም ውሻው አልጮኸም ነበርና። «አገኘሁህ!» አለ በሆዱ።

«ማነህ?» ብሎ ጮኸ።

ሰውየው ቀጥ አለ። መልስ የለም።

«ማነህ ብያለሁ!»

አሁንም ዝም። ጥቂት እርምጃ ወደ ፊት መጣ፤ ሁለት እጆቹን ከጋቢው ውስጥ አውጥቶ ባዶ መሆናቸውን አሳየ። ገበሬው ያን ጊዜ አወቀው። ፈንቴ ነው።

«ፈንቴ! አንተ ነህ? በሬዬን ወሰድህ፣ አሁን ደግሞ ምን ቀርቶህ መጣህ?»

ፈንቴ «እንዴት አደርህ» እንኳ አላለም። ዓይኑ ገበሬው ፊት ላይ ሳይሆን ጠመንጃው ላይ ነበር። ቀስ ብሎ ቀረበና «ጠመንጃውን ስጠኝ» አለው።

ገበሬው ጆሮውን ማመን አቃተው። ሰው በገዛ ጓሮው፣ በገዛ እጁ የያዘውን መሣሪያ፣ ያውም በሬውን ከነዳበት ሌባ አፍ «ስጠኝ»!

«ለጠመንጃው ነው የመጣኸው?»

ፈንቴ ዋሽቶ ማለፍ ይችል ነበር። አልዋሸም።

«አዎ፤ ለጠመንጃው ነው የመጣሁት።»

ገበሬው ቃታውን ሳበ።

ልጄ፣ እስቲ እዚህ ላይ አንተ ፍረድ። ጠይቋል? ጠይቋል፤ ደጋግሞ ነው የጠየቀው። አጥሩ ተጥሷል? ተጥሷል። ሰውየውስ በአፉ «ለጠመንጃህ ነው የመጣሁት» አላለም? ብሏል። ዳኛ ፊት ብታቆመው ገበሬው አንድ ቃል አይሳሳትም። ፊትህን አየሁት፤ ፈርደህለታል። ቆይ።

ጥይቱ ፈንቴን ቀኝ ትከሻው ላይ አገኘው፤ በጉልበቱ ወደቀ። ገበሬው ተኩሶ የማያውቅ ሰው ነበርና የገዛ ተኩሱ አስደነገጠው። አፈሙዙ ወደ መሬት ወረደ። ሳያስበው ወደ ወደቀው ሰው ሁለት እርምጃ ተጠጋ። ይህን ጊዜ ፈንቴ በደህና እጁ አፈሙዙን ይዞ ጎተተው፣ ነጠቀውና ደረቱ ሥር አድርጎ በሆዱ ተኛበት። ገበሬው በእግሩ ረገጠው፤ «ልቀቅ!» አለው። ፈንቴ ደሙ እየፈሰሰ እንደ ጨቅላ ልጅ አቅፎት ቀረ።

ወዲያው በመሹለኪያው በኩል ሌሎች ሰዎች ተግተልትለው ገቡ። ገበሬው «አለቅሁ፤ ለካ ብዙ ናቸው» አለ። ከፊት ያሉትን ሲያይ ግን የንስሐ አባቱ ናቸው። ከኋላቸው የዕድሩ ዳኛ አለ። ከዚያ የልጁ የአንጓች የባሏ አባት አለ፤ የወንዝ ማዶው ሰው፣ እግሩ እስከ ጉልበቱ ጭቃ። ሁሉም ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል።

በእኛ አገር ነጠላ የሚዘቀዘቀው ለምን እንደሆነ አንተም ታውቃለህ። ገበሬውም ያውቃል።

«ማን ነው?» አለ።

የዚያን ማለዳ እውነተኛ ጥያቄው ይህች ብቻ ናት። ነገር ግን አንድም ሰው አልመለሰለትም። ሁሉም ወደ መሬት፣ ወደ ፈንቴ ያያሉ። ፈንቴ ጉንጩን ከአፈሩ ሳያነሣ፣

«አሁን ንገሩት፤ ይዤዋለሁ» አላቸው።

የዚያን ቀበሌ ልማድ አላወቅኸው ይሆናልና ልንገርህ። ለመርዶ ሲኬድ ከሽማግሌዎቹ አስቀድሞ አንድ ሰው ይገባል። ቢላዋ ይሰውራል፣ ገመድ ይሰውራል፣ ጠመንጃ ያለበት ቤት ከሆነ ጠመንጃውን ያወጣል። የሐዘን የመጀመሪያዋ ደቂቃ አእምሮ የላትም፤ አባት በእሷ ደቂቃ ራሱን እንዳያጠፋ ነው። የገባው ሰውም ሽማግሌዎቹ እስኪደርሱ ነገሩን አይተነፍስም፤ መርዶ በአጥር ላይ አይነገርም። «እንዴት አደርህ» አይልም፤ ምን እንዳደረበት እያወቀ እንዴት ይጠይቀው?

ሽማግሌዎቹ ገና ጎህ ሳይቀድ ከዛፍ ሥር ተሰብስበው «ማን ይግባ?» ሲባባሉ፣ ሁሉም መሬት መሬቱን አዩ። ያ ገበሬ ከብረት ጋር እንደሚያድር የማያውቅ አልነበረምና። አንድ ጎልማሳ እንኳ «ልጆች አሉኝ» አለ። ይህን ጊዜ የተጣላው ድንበርተኛ፣ ማንም ሳይጠራው የመጣው ፈንቴ፣ «እኔ ልግባ። ውሻው ያውቀኛል፤ በመሹለኪያው ድምፅ ሳላሰማ እገባለሁ» አለ።

ለጠመንጃው ነው የመጣሁት ማለቱ እውነት ነው። ግማሽ እውነት። ሌላውን ግማሽ፣ ጠመንጃ በእጁ ለያዘ አባት እንዴት ይንገረው? ጠመንጃ በእጁ እንዳለ እንዳይሰማው አይደለም ወይ የመጣው?

ቄሱ ነገሩት። አንጓች ማታውን በምጥ አርፋለች። እናቲቱ ከቤት ወጥታ ጩኸቷን ስትለቀው አገሩ ተናወጠ። ገበሬው ግን አልጮኸም፣ አላለቀሰም። በጉልበቱ ተንበረከከና እጁን መሬት ላይ እያንቀሳቀሰ አንድ ነገር መፈለግ ጀመረ። ሰዎቹ መጀመሪያ ምን እንደሚፈልግ አልገባቸውም። እጁ ወደ ፈንቴ ደረት ሥር ገባ። የሚፈልገው ጠመንጃውን ነበር።

ብረቱን ነካው። ጎተተው። በደም ርሶ ያንሸራትተዋል፤ ፈንቴም ጥርሱን ነክሶ በሙሉ ክብደቱ ተጫነበት። «አልሰጥህም ወንድሜ፤ አልሰጥህም» ይለዋል። ሽማግሌዎቹ ደርሰው ክንዱን እስኪይዙት ድረስ፣ ያቆሰለው ሰው ከቁስሉ ሥር የራሱን ሞት ይፈልጋል፤ የቆሰለው ሰው ይከለክለዋል። የቄሱ ንግግር ሌላ ግማሽ ነበረው። «ሕፃኗ ግን ተርፋለች» የሚል። በዚያ ጩኸት መሃል ማንም አልሰማውም። ገበሬው የሰማው ወደ ልጁ ቀብር ሲወስዱት፣ ወንዙን ሲሻገር ነው። በውሃው መሃል ቆሞ «ቅድም ሞቼ ቢሆንስ?» አለ፤ ያን ጊዜ ነው ያለቀሰው።

ፈንቴን በቃሬዛ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰዱት። ነፍሱ ተረፈች፤ ቀኝ ክንዱ ግን ከዚያ ወዲህ ከወገቡ በላይ አልተነሣም። ዕርቁ ሲደረግ ሽማግሌዎቹ «ካሳህን ተናገር» አሉት። የወሰኑን መሬት ይጠይቃል ብለው ነበር፤ ገበሬው ራሱ ሊሰጠው ቆርጦ ነበር። ፈንቴ አሰብ አድርጎ፣

«እኔ መጀመሪያውኑ ለጠመንጃው ነው የመጣሁት ብዬዋለሁ። እሱን ይስጠኝ» አለ።

ሰጠው። ሳቅና ለቅሶ አንድ ላይ የመጣበት ዕርቅ ይህ ብቻ ነው። በአርባው ቀን ደግሞ ፈንቴ ጠመንጃውን በግራ ትከሻው አንግቶ በዋናው በር መጣና «ቤቶች!» ብሎ ተጣራ። ልማዱ እንደዚያ ነው፤ ለሐዘን የወጣ መሣሪያ በአርባው ይመለሳል። ገበሬው የልጅ ልጁን ታቅፎ ወጣ። ጠመንጃውን ሊቀበል እጁን ዘረጋ፤ ያንን የማይነሣ ክንድ ሲያይ ግን እጁን መለሰ። «አንተው ዘንድ ይቀመጥ» አለው፤ ቀና ብሎ ሊያየው ግን አልቻለም። በሬው እስከ ዛሬ አልተገኘም። ማን እንደወሰደውም አይታወቅም።

እንግዲህ ወዳንተ ልምጣ። ጥፋቱ የማን ነው አልኸኝ። አንተ በልብህ ያ በአጥርህ ቀዳዳ የሚያልፈውን ጎረቤትህን ይዘህ ነው የመጣኸው፤ ስሙን ባትጠራውም አውቄዋለሁ። ያ ገበሬ እንደ አንተ ነው። ጠየቀ፤ ግን ቃታ ላይ ጣቱን አድርጎ ጠየቀ። እንደዚያ የሚጠይቅ ሰው መልስ አይፈልግም፤ የሚፈልገው ምክንያት ነው። ምክንያት ደግሞ አይጠፋም። ዝም ቢልህ ምክንያት ነው፤ ቢናገርም ምክንያት ነው። ሰው ደጅህ ሲቆም የነገሩን ግማሽ በአፉ፣ ግማሹን በጉሮሮው ይዞ ነው። የተኮስህ እንደሆነ ያች በጉሮሮው ያለችው እዚያው ትቀራለች፤ ምናልባትም ያንተ ነፍስ ያለችው በእሷ ውስጥ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ እጅህን ባዶ አድርግ፤ «ማነህ?» የምትለው ከዚያ በኋላ ነው። ውሻህ ካልጮኸም ውሻህን እመነው። የዚያ ገበሬ ውሻ ፈንቴን የሚያውቀው በወንፈሉ ዘመን ነው፤ ባለቤቱ ግን በጠቡ ብቻ ነበር የሚያውቀው።

በል ተነሣ፤ መሽቶብሃል። ያን በግራሩ ላይ ያስደገፍኸውን ግን እዚያው ተወው። አርባ ቀን ይቀመጥ፤ እኔ እጠብቅልሃለሁ። በአርባው መጥተህ ከፈለግኸው፣ እሰጥሃለሁ።