የዳዊቱ የመጨረሻ ቅጠል

በእኛ ወረዳ የማያውቀውን ደፍሮ የሚያብራራ ሰው ላይ የምትወረወር አንዲት አባባል አለች። ልጆች ሳይቀሩ ይሏታል፤ ከማን ቤት እንደወጣች የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። የወጣችው ከአቶ ደርበው ቤት ነው።

አቶ ደርበው የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበሩ። ቀኑን ሙሉ በአሕጽሮት የተሞላ ወረቀት ሲያገላብጡ ስለሚውሉ፣ እሳቸው የማይፈቱት ምልክት ገና አልተፈጠረም ብለው ያምኑ ነበር። ጠይቀው የተረዱት ነገር ስለመኖሩ ግን የሰማ የለም።

አንዲት ልጃቸውን ስመኝን የሸማኔው ልጅ አላምረው ወደዳት። እሷም "ከእሱ ሌላ አላገባም" ብላ ለእናቷ ቁርጡን ነገረች። ሽማግሌዎች ሁለት ጊዜ መጥተው "እናስብበት" ተባሉ። ለሦስተኛና ለመጨረሻ ጊዜ ሲመጡ፣ እንደ ደንቡ መልስ ሳናገኝ አንቀመጥም ብለው ቆሙ። ከመካከላቸው የሰማንያ ዓመቱ መሪጌታ ልሳነወርቅ ከዘራቸውን ተደግፈዋል።

አቶ ደርበው ከሣጥን የአያታቸውን የብራና ዳዊት አውጥተው የመጨረሻውን ቅጠል ገለጡ። ዐሥራ አንድ የዘመድ ስም ተደርድሯል፤ ከየስሙ ጎን አንዳንድ ፊደል ብቻ ተጽፏል።

"ይኸው ዘሬ! አያቴ ዘገዬ፣ ጎኑ 'እ'፤ እንደራሴ ማለት ነው። ወንድሙ ወንዳፍራሽ 'ጠ'፤ ጠቅላይ ገዢ። ይኼኛው 'ዳ'፤ ዳኛ።"

"እንደራሴ?" አሉ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ባሻ ይርዳው። "በዚህ ቀበሌ እንደራሴ መኖሩን ዛሬ ሰማን።"

"ባሻ፣ እርስዎ የጠመንጃ እንጂ የፊደል ሰው አይደሉም። ለመሆኑ የእንደራሴ የልጅ ልጅ ልጁን ለሸማኔ ይድራል? ሂዱና ለላካችሁ ይህንኑ ንገሩት።"

ከጓዳ የስመኝ ለቅሶ ተሰማ።

መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ልጄ፣ የመጀመሪያው ስም ተሰሜ ነው?"

"ነው። እንዴት ዐወቁ?"

መሪጌታ ዳዊቱን ሳያዩ ዐሥራ አንዱንም ስም በተራ ጠሩ። የቤቱ እመቤት ወይዘሮ ጥሩነሽ በጣታቸው ተከተሉ፤ አንድም አልተዛነፈም።

"እኔ ነኝ የጻፍኩት። ያኔ ዲያቆን ነበርኩ፤ የአያትህ አጎት ተዝካር ላይ 'ዘመድ ያመጣውን መዝግብ' ተባልኩ። ወረቀት ጠፋ፤ ይህ ዳዊት ደግሞ በሟቹ እራስጌ ነበር፤ ኋላ ለአያትህ ደረሰ።"

ሐዘን የገባበት ቤት የሚጽፍበትን አይመርጥም።

"'ጠ' ጠላ ነው" ቀጠሉ መሪጌታ። "'ዳ' ዳቦ። 'እ' እንጨት።"

ባሻ ይርዳው ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። "እንደራሴው እንጨት ተሸክሞ ነው የመጣው?"

"አይሳቁ፣ ባሻ። ሐምሌ ነበር፤ ደረቅ እንጨት በአገሩ የለም። ዘገዬ የገዛ ጎጆውን በር ነቅሎ፣ ፈልጦ አመጣ። ክረምቱን ያለ በር ከረመ።" ወደ አቶ ደርበው ዞሩ። "እንዲህ ያለ አያት እያለህ እንደራሴ ፍለጋ ምን አስኬደህ?"

"እንግዲህ አሕጽሮት... እንደ አፈታቱ..." አሉ አቶ ደርበው።

ወይዘሮ ጥሩነሽ ዳዊቱን ከባላቸው እጅ ወስደው ዘጉት። "ይብቃዎት! ልጄ የወደደችውን ታገባለች። ተቀመጡ፣ አባቶቼ።"

አቶ ደርበው ለመሪጌታ በርጩማ ሳቡ። ያቺ በርጩማ እሺታቸው ነበረች።

ባሻ ይርዳው ግን ዝም ብለው የሚቀመጡ ሰው አልነበሩም፤ መደቡ ላይ እየተመቻቹ ጎናቸው ላሉት ሽማግሌ፣ ቤቱ ሁሉ በሚሰማው ድምፅ፣ "አየህልኝ?" አሉ፤ "ጸሐፊውን አቁሞ፣ ጽሑፉን ተርጉሞ!"