ገደል ማዶ የተሸጠው ስንጥቅ ጋን

ድሮ ድሮ፣ ዛሬ ስሙን የሚያስታውሰው በሌለ አገር፣ ገበያው ገደል ለገደል ነበር። ሻጭ ከወዲህ ይጮኻል፣ ገዢ ከወዲያ ይሰማል፤ ዕቃውንም እህሉንም አሞራ ያመላልሳል። ገዢ ጋኑን በዓይኑ አያየውምና «እስቲ አንኳኳው!» ይላል። ደህናው ጋን «ድንንን!» ይላል፤ ስንጥቁ «ቋ!»። አንዴ ከተሻገረ ወዲያ መመለስ የለም።

ክረምቱ ሲቃረብ የጃርት ጎተራ ባዶ ሆነ። ልጆቹን የሚያከርምበት ከአያቱ የወረሰው አንድ የጥንት ጋን ብቻ ቀርቶታል፤ እሱም ከአፉ እስከ ሆዱ የተሰነጠቀ ነው። ተሸክሞት ወጣ።

ገደሉ አፋፍ ላይ ጉሬዛ ነጭ ካባውን ደርቦ ተቀምጧል። ከኋላው ስንጥቅ ጋኖች፣ ከፊቱ አንድ ደህና ጋን። «አንኳኳው!» ሲሉት ደህናውን ያንኳኳል፤ ሲሸጥ ስንጥቁን ይልካል።

«አያ ጃርት፣ ምነው ተከዝክ? የኔን አንኳኳና ያንተን ላክ። ማን ያያል?»

«ውሃ ሲሞሉበት ያዩታላ።»

«ያኔማ እህሉ ሆድህ ገብቷል!»

ጃርት ልጆቹ ትዝ አሉት፤ እጁም ወደ ደህናው ጋን ሄደ። ግን እሱ ራሱ አንድ ዘመን ከዚሁ ገበያ የሚያፈስ እንስራ ገዝቶ ዳኛ ዘንድ ቢቀርብ፣ «ጥፋቱ የጆሮህ ነው» ተብሎ ተስቆበት ነበር። ያ ሳቅ እስከዛሬ ከጆሮው አልወጣም። እጁን ሰበሰበ።

«የጥንት ጋን!» አለ ጮኾ። «ከአፉ እስከ ሆዱ ስንጥቅ ነው! ውሃ አይይዝም! ጠላ አይይዝም!» አንኳኳው፤ «ቋ!»

«ታዲያ ምን ይይዛል፣ ሐሜት?» ብለው ገዢዎቹ ከማዶ ሳቁበት።

ደግሞ ጮኸ፤ «ቋ!» ደግሞ ሳቁ። በሦስተኛው የቆቅ ድምፅ መጣ።

«አያ ጃርት፣ ስንጥቁ እህል ያፈሳል?»

«የጤፍ ፍሬ እንኳ አያሳልፍም፤ ነፋስ ግን ያስገባል!»

«እሰይ! ለዘር ያኖርኩት እህል በደህና ጋን ታፍኖ ሻገተብኝ። አሥር ቁና ማሽላ እሰጥሃለሁ!»

ይህን የሰማ ነብር ከዚያው ማዶ ተነሣ። ከጉሬዛ በገዛው ጋን ጠጅ ጥሎ፣ ጠጁን መሬት ጠጥቶበታል። «ጉሬዛ! የጃርት ጋን እንደ ድምፁ ነው። እስቲ ያንተን አንኳኳው፣ እንዳታቆም!»

ጉሬዛ ገበያ ያገኘ መስሎት አንኳኳ። «ድንንን! ድንንን!»

«አሞራ፣ ያንን የሚጮኸውን አምጣልኝ! ዋጋውን ድሮ ከፍያለሁ!»

አሞራው ጋኑን ከጉሬዛ እጅ መንጭቆ በረረ።

«ኧረ እሱ የቤቴ ነው!»

«ታዲያ ለኔ ስታንኳኳ የማን ነበር?»

ጉሬዛ ከስንጥቆቹ ጋር ቀረ። ጃርት ማሽላውን ሲያስር ቀና ብሎ አየውና አንጀቱ አልችል አለ። «ስንጥቁን ንገራቸው፣ ወንድሜ። ፈላጊ አይጠፋም» አለው። ጉሬዛ ግን አፍሮ በካባው ተሸፈነ፤ ጃርትም ዝናቡ ሳይቀድመው ወደ ልጆቹ ሄደ።

እናም እንዲህ ይባላል፦ ስንጥቁን የነገረ እህል ያስገባል፤ ስንጥቁን የደበቀ ደህናውን ያስረክባል።