ዘግይታ የሰማችው ጥንቸል

ተረት ላውጋችሁ፤ እናንተ ጆሮ ስጡኝ፣ ማስተዋሉን እግዚአብሔር ይስጠን።

አንድ ቀን ጫካውን ጉም ሸፈነውና የድኩላ ግልገል ጠፋ። ግልገሉ ይጮኻል፤ የገደል ማሚቶ ስለሚመልሰው ግን ድምፁ በገደሉም በወንዙም በኩል ይሰማል። ጅብም ፍለጋ ወጥቷል።

«አባ ኤሊ፣ ልጄ ሊበላብኝ ነው» አለች እናቲቱ።

«እግዜር አለ፤ የሰጠን ጆሮም አለ» አላት ኤሊ። እንስሳቱን ከገደሉ እስከ ወንዙ በአንድ መስመር አራርቆ አቆማቸውና «ጩኸቱን እንደሰማችሁ መሬቱን በእግራችሁ ምቱ። ቀድሞ ወደመታው እንሄዳለን» አለ።

ግልገሉ ጮኸ። በገደሉ በኩል ጥንቸል፣ በወንዙ በኩል ከርከሮ እኩል መቱ።

«ጥንቸል፣ በእውነት ሰምተሽ ነው?» አላት ኤሊ፣ ችኩልነቷን ያውቃልና።

«ይህን ሁሉ ጆሮ ተሸክሜ በከርከሮ ልቀደም እንዴ? ምን ይሉኛል?»

«ልጄ፣ እኛ የምንፈልገው መዘግየትሽንም ነው። ከዘገየሽ ግልገሉ ካንቺ ሩቅ ነው ማለት ነው።»

ግልገሉ እንደገና ጮኸ። ከርከሮ መታ፤ መሃል ያሉት ተከታትለው መቱ። ጥንቸል ጩኸቱ እስኪደርሳት እንደምንም ታግሳ ጠበቀችና መጨረሻ ላይ መታች። ሁሉም ወደ ወንዙ ወረዱ፤ ግልገሉን ቄጠማ ውስጥ አገኙት። ጅቡ ገና ገደሉ ሥር ማሚቶውን ያሳድድ ነበር።

«ማን ነው ያገኘልኝ?» አለች እናቲቱ ልጇን እየላሰች።

«እኔ ነኝ» አለች ጥንቸል፤ «ከሁሉም ዘግይቼ የሰማሁት።»

እኔ ነግሬ ጨረስኩ፤ የጠፋውን ሁሉ እግዚአብሔር ለእናቱ ይመልስ።