ሳይሰማ እሺ ያለው

አንድ ሥራ ፈላጊ ነበረ። ጥያቄሽን አልረሳሁትም ልጄ፤ «አለቃዬ የነገረኝ በደንብ ሳይሰማኝ ሲቀር ልጠይቀው ወይስ ዝም ብዬ እሺ ልበል? ብጠይቀው ይቺ ምንም አታውቅም ብሎ ያባርረኛል» ነው ያልሽኝ። ከዳቦ ቤቱ ለምሳ ወጥተሽ፣ ምሳውን ትተሽ እኔ ዘንድ መምጣትሽንም አይቻለሁ። ተቀመጪና ስሚኝ፤ መልስሽ ከዚህ ሰው ዘንድ ነው።

ይህ ሰው ትምህርቱን ከጨረሰ ሁለት ዓመት ሆኖታል። በሁለቱ ዓመታት ያላነበበው የማስታወቂያ ሰሌዳ አልነበረም። «የሥራ ልምድ፦ ዜሮ ዓመት» የሚል ሲያገኝ ልቡ ይዘላል፤ ሲሄድ ግን ለአንድ ቦታ አራት መቶ ሰው ተሰልፎ ይጠብቀዋል። ለታክሲ እንዳያወጣ በእግሩ ይሄዳል፤ ጫማው እንዳያልቅበት ደግሞ ኮረኮንቹን እየሸሸ ዳር ዳሩን ይራመዳል። ቁርስና ምሳውን አንድ ላይ አድርጎ ቁምሳ ይበላል። ከሁለት ጓደኞቹ ጋር በተከራያት ክፍል ውስጥ አንዲት ነጭ ሸሚዝ ነበረች። የሦስቱም ናት፤ ለቃለ መጠይቅ የተጠራው ይለብሳታል። አንድ ቀን እሱና አንዱ ጓደኛው ለአንድ ሥራ እኩል ተጠሩና ዕጣ ተጣጣሉ። ሸሚዟ ለእሱ ደረሰችው፤ ሥራውም ለእሱ ሆነ።

ሥራው ትልቅ አይደለም። በአንድ ባለጸጋ የእህል ነጋዴ መጋዘን ውስጥ ጆንያ መቀበልና ማስረከብ ነው። ቢሆንም ያለ ተያዥ አይቀጥሩም። አጎቱ የመሥሪያ ቤት ዘበኛ ነው፤ አምስት ልጆች አሉት። ያ አጎት ልጁ ቢያጠፋ ከእኔ ደመወዝ ይያዝ ብሎ ፈረመለት። የመጋዘኑ ኃላፊ ስለ ጠባዩ ቢጠይቀው «እሺ የሚል ልጅ ነው» ሲል መለሰ፤ ከዚያ በላይ ምስጋና አላወቀም። እናቱም ስትሸኘው እሺ ይበልጣል ከሺ ብላ መክራዋለች። እውነቷን ነው። እኔም ልጆቼን ያሳደግኳቸው በዚሁ ቃል ነው።

ሥራ ፈት ሳለ የሚፈራው ረሃብን ብቻ ነበር። ሥራ ሲይዝ ግን ፍርሃቱ ልጅ ወለደ። ኃላፊው ጉሮሮውን ሲጠርግ ይደነግጣል። ጠዋት ጠዋት መጋዘኑ በር ላይ «ሥራ ይኖር ይሆን?» እያሉ የሚጠይቁ ልጆች ይመጣሉ፤ እነሱን ባየ ቁጥር የሚያያቸው እንደ ጓደኞቹ ሳይሆን እንደ ወራሾቹ ነው። አጎቱ መንገድ ላይ ሲያገኘው «እንዴት ነው፣ ደህና ነህ አይደል?» ይለዋል። ከሰላምታው ውስጥ አምስቱ ልጆች ብቅ ይሉበታል።

ኃላፊው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሁለት ጊዜ መናገር ግን አይወድም። ምን አሉኝ ያለውን ሰው «ጆሮህን ቤትህ ትተኸው መጣህ?» ይለዋል። ስለዚህ ልጁ ሲጠሩት እሺ፣ ሲቆጡት እሺ፣ የገባውንም እሺ፣ ያልገባውንም እሺ ማለት ጀመረ። ያልገባውን የሌሎቹን እጅ እያየ ይሠራዋል። ብዙ ጊዜ ደግሞ ይሳካለታል። ክፋቱም ይኸው መሳካቱ ነበር።

አንድ ሳምንት መጋዘኑ ውስጥ ሁለት ዓይነት ስንዴ ገባ። አንደኛው የሚበላ ነው። ሁለተኛው ለገበሬዎች የሚሸጥ ዘር ነው፤ ተባይ እንዳይነካው መድኃኒት ታሽቷል፤ ሰው ቢበላው ይገድላል። ለዓይን ሁለቱም አንድ ናቸው። የሚለዩት ጆንያው በተሰፋበት ሲባጎ ብቻ ነው፤ የሚበላው በነጭ፣ ዘሩ በቀይ። የቆዩት ሠራተኞች ሁሉ ያውቁታል። ልጁ ግን አዲስ ነው፤ የነገረው ሰው አልነበረም፤ እሱም አልጠየቀም።

በዚያ ሳምንት አንድ ቀን ጠዋት ኃላፊው ለጉዳይ ሊወጣ ሲል እህል ማበጠሪያው ማሽን አጠገብ ጠራው።

«ከአዳሪ ትምህርት ቤቱ ጋሪ ይመጣል። አሥር ጆንያ ስንዴ አስረክበው» አለው። «በቀይ ሲባጎ የተሰፋውን...»

እዚህ ላይ ማሽኑ አጓራ። የኃላፊው ከንፈር ሲንቀሳቀስ አየ፤ ቃሉን ግን ማሽኑ በላው።

ልጄ፣ በእኛ ቋንቋ ነገር የሚቋጠረው በመጨረሻው ቃል ነው። ስጥ ይሁን እንዳትሰጥ፣ ሰውየው አፉን እስኪገጥም ድረስ አይታወቅም። ልጁ የሰማው ከቃሉ በፊት ያለውን ሁሉ ነው፤ ያልሰማው ቃሉን ብቻ ነው። ምን አሉኝ ሊል አፉን ከፈተ። ኃላፊው ሰዓቱን አየት አደረገ። ልጁም «እሺ» አለ።

ኃላፊው ሄደ። ልጁ ጆንያዎቹ ፊት ቆሞ አሰበ። ቀዩን የማይፈልገው ከሆነ ስሙን ለምን ያነሳዋል? ስሙን ያነሳው ቢፈልገው ነው። እንዲህ ብሎ ራሱን አሳመነ፤ የፈራ ሰው ራሱን ለማሳመን ብዙ አይቸገርም። አራት ሰዓት ላይ ጋሪው መጣ። አሥሩንም ከቀዩ አስጫነ፤ ጋሪውም ሄደ።

ከምሳ በኋላ እህል ከሚለቅሙት ሴቶች አንዷ፣ በዕድሜ የገፉ እናት፣ ባዶውን ቦታ አይተው ቆሙ።

«የዘሩ ስንዴ ለገበሬዎቹ ሄደ? እሰይ፣ ከዚህ ይጥፋልን» አሉ። «አምና ውሻችን ከእሱ ቀምሶ አላደረም።»

ልጁ ክው አለ። እኚያ እናት የቀዩን ሲባጎ ነገር ነግረውት ወደ ሥራቸው ተመለሱ፤ እሱ ግን ከቆመበት መነቃነቅ አቃተው። ትምህርት ቤቱ ሁልጊዜ ከሰዓት በኋላ እንደሚያስፈጭ፣ ለልጆቹ ደግሞ ለነገ ቁርስ እንደሚጋገርላቸው ያውቃል። ሳህናቸውን ይዘው የሚሰለፉ ልጆች ታዩት። ወዲያው ደግሞ የአጎቱ አምስት ልጆች ታዩት፤ ከዚያ ሰሌዳው፣ ሰልፉና ያቺ ሸሚዝ። ሁለት ፍርሃት በአንድ ሆድ ውስጥ ተጋፋ። ምናልባት ዛሬ አይፈጩት ይሆናል አለ። ምናልባት አጥበው ይሆናል የሚፈጩት አለ። ምናልባት ባለ ጋሪው ራሱ ያውቅ ይሆናል አለ። በእያንዳንዱ ምናልባት ጊዜው እየሄደ ነው፤ መሄዱንም ያውቃል። ምን ያህል ቆሞ እንደቆየ ግን ኋላም ሊናገር አልቻለም።

በዚህ መካከል ኃላፊው ከሄደበት ገባ።

«ያልኩህን አደረግህ?» አለው።

አዎ የሚለው ቃል ምላሱ ላይ ደረሰ። ቀላል ቃል ናት። ብትወጣ ኃላፊው ወደ ቢሮው ይገባል፤ ነገ የሚሆነውን ነገ ያየዋል። ልጁ ያቺን ቃል ዋጣት። ዕድሜውን ሙሉ ከዋጠው ሁሉ የከበደችው እሷ ናት።

«ጠዋት የነገሩኝን አልሰማሁም ነበር» አለ። «እሺ ያልኩዎት መጨረሻውን ሳልሰማ ነው። ቀዩን ሰጥቻለሁ።»

ኃላፊው አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለው ነበር። ፊቱ አመድ መሰለና ስልኩን አወጣ። ትምህርት ቤቱ ወደሚያስፈጭበት ወፍጮ ቤት ደወለ፤ ይጠራል፣ የሚያነሳ ግን የለም፤ ወፍጮ እየዞረ ስልክ ማን ይሰማል? ያን ጊዜ ያ ለታክሲ የሚሰስት ልጅ ወጥቶ በመንገድ የሚከንፍ ባጃጅ ፊት ተገተረ። ሁለቱም ገቡ። የፈሩት ይደርሳል ይባላል፤ ልጁ ይህ አባባል ዛሬ ብቻ ውሸት እንዲሆን ለመነ።

ሲደርሱ ዘጠኙ ጆንያ ግድግዳው ሥር ተደርድሯል። አሥረኛው ተፈትቶ በፈጪው ትከሻ ላይ ነው፤ ፈጪው ወደ ወፍጮው አፍ ሊገለብጠው ጎንበስ ብሏል። ልጁ ከበሩ ሆኖ ጮኸ። ማንም አልሰማውም። ሮጦ ጆንያውን በሁለት እጁ ጨመደደው፤ ሰውየውም፣ ጆንያውም፣ እሱም አንድ ላይ ወደቁ። ስንዴው በላዩ ላይ ፈሰሰ። ወፍጮው ባዶውን ይዞር ጀመር።

ወደ ወፍጮው አፍ አንድ ፍሬ አልገባም። ነገር ግን የፈሰሰው ተጠራርጎ እስኪነሳ ድረስ የወፍጮ ቤቱ ዶሮዎች ገብተው ለቀሙ። ከመምሸቱ በፊት ሦስቱ ክንፋቸውን ዘርግተው ወደቁ። እዚያ የነበሩት ሁሉ ዶሮዎቹን ከበው ቆሙ። ሁሉም ያሰቡት የትምህርት ቤቱን ልጆች ነው።

ወደ መጋዘኑ ሲመለሱ ልጁ መባረሩን ይጠብቅ ነበር። ኃላፊው ማሽኑ አጠገብ ሲደርስ ቆመ።

«ላባርርህ አስቤ ነበር» አለው። «ግን በምትክህ የምቀጥረውም እንዳንተ የቸገረው ነው፤ እሱም እሺ ይለኛል። እኔም ጥፋት አለብኝ፤ የማሽን ጩኸት ውስጥ ቆሜ ነው ያዘዝኩህ። ከዛሬ ጀምሮ ያዘዝኩህን ደግመህ ሳትነግረኝ ከፊቴ አትሂድ።»

ልጁም እንዲሁ አደረገ። ፍርሃቱ ለቀቀው ብዬ አልዋሽሽም። ሲደግም ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ቢሆንም ደገመ።

አየሽ ልጄ፣ ያ ሰው አንቺ ነሽ። መጋዘኑ ዳቦ ቤቱ ነው፤ ማበጠሪያው ያ ሊጥ ማቡኪያ ማሽናችሁ ነው። እንደነገርሽኝ ዛሬ ጠዋት አለቃሽ «ዘጠኝ ሰዓት ላይ ምድጃው ከመለኮሱ በፊት የጋዙን መክፈቻ...» ብሎሽ፣ ማሽኑ ጮኾብሽ፣ ዝጊው ይሁን ተዪው ሳትሰሚ እሺ ብለሽዋል። አለቃሽ እንደዚያ ኃላፊ ላይሆን ይችላል። ይቆጣሻል፤ ምናልባትም ያባርርሻል። ብትባረሪ እዚህ ቁምሳ አይጠፋም፤ ሸሚዝም ከጎረቤት እንዋሳለን። ፍርሃትን ተዪ አልልሽም፤ የሚተው ነገር አይደለም። ሁለት ፍርሃት ሲገጥምሽ ግን ትልቁን ፍሪ። መባረር ያስፈራል፤ እሺሽ ይዞት የሚመጣው ከእሱ ይበልጥ ያስፈራል። ያ ሰው ያወቀው ጋሪው ከሄደ በኋላ ነው። አሁን ገና ሰባት ሰዓት ተኩል ነው፤ ያንቺ ጋሪ አልመጣም። ተነሺ፤ በቀጥታ ወደ አለቃሽ ሂጂና፣ ማሽኑ ከሌለበት ቦታ ጠርተሽ፣ አልሰማሁም ነበር በዪው።

ምን አልሽኝ? እሺ?

እሺሽን ተዪውና ያልኩሽን ድገሚልኝ።