ያልተነካው ዓይን

አንድ አዳኝ ጎሽ በጣለ ዕለት ለሚስቱ ሁለት ወሬ ደረሳት። ደስታው በሩጫ ስለመጣ ቀደመ፤ መርዶው ሸክም ይዞ ስለመጣ ዘገየ።

አዳኙ ደምለው ይባል ነበር፤ ሚስቱ ደግሞ አንጓች። በሚኖሩበት የቆላ አገር ጎሽ የገደለ ሰው ጭራውን ቆርጦ ይመለሳል፤ ሚስቱም ደጃፍ ላይ ተቀብላ አናቱን ቅቤ ትቀባዋለች። ደምለው ለብዙ ዘመን ባዶ እጁን ሲመለስ ስለኖረ፣ በየድግሱ ገዳዮች ሲፎክሩ አንገቱን ደፍቶ ይቀመጥ ነበር። አንጓች ግን ተስፋ ሳትቆርጥ ለዚያች ቀን የሚሆን ቅቤ በትንሽ ቅል አስቀምጣለች።

በዚያ ጠዋት ደምለው ከመውጣቱ በፊት ደጃፉ ላይ ተቀምጦ አንድ ረጅም፣ ቀጥ ያለ እንጨት ይልጥ ነበር።

"ምን ሊሆንህ ነው?" አለችው።

"አያ ቢምረው ነው ያዘዘኝ።" አያ ቢምረው የአገሩን አዳኞች ሁሉ ያስተማረ ሽማግሌ ነው። "የወደቀ ጎሽ መሞቱ በሩቅ አይታወቅም። ከጀርባው ቀርበህ ዓይኑን በእንጨት ጫፍ ንካው፤ ነፍስ ካለው ይጨፍናል ብሎኛል።"

"ታዲያ እንዳትረሳ።"

"በእጄ የያዝኩትን እንዴት እረሳለሁ?" ብሎ እየሳቀ ሄደ።

ከሰዓት በኋላ፣ አብሮት የወጣው ጎረቤታቸው ጫኔ ላብ በላብ ሆኖ ደረሰ። "አንጓች፣ ቅቤሽን አውጪ። ጥሎልሻል።"

ሴቶቹ ተሰብስበው እልልታውን አቀለጡት። አንዷም "ከእንግዲህ ወንዝ ስንወርድ መንገድ ልቀቁላት፤ የገዳይ ሚስት ሆናለች" ብላ አሳቀቻቸው። አንጓች ቅቤውን ከቅሉ አውጥታ በመዳፏ ያዘች።

"መሞቱን አይታችኋል?" አለችው ጫኔን።

"ወደቀ ስልሽ። አራት እግሩን ዘርግቶ ተኝቷል።"

"ዓይኑን ነካው?"

ጫኔ ሳቀ። "እንጨቱንማ፣ 'ለሬሳ ደግሞ ምርኩዝ ልታቀብለው ነው?' ብዬ ብስቅበት ሌሎቹ አዳኞችም ሳቁ፤ አፍሮ ጣለው። እኔ ስነሳ እግሩን በጎሹ አንገት ላይ ጭኖ ይፎክር ነበር። ያን ፉከራ ይህን ሁሉ ዓመት የት ደብቆት እንደኖረ እንጃ።"

እልልታው እንደገና ሲነሣ ከዳገቱ ራስ ሰዎች ብቅ አሉ። ቀስ ብለው ነው የሚወርዱት፤ ከመካከላቸው የሚፎክር የለም። እልልታው አንድ በአንድ እየጠፋ ሄደ። አንጓች ከሁሉ በፊት ያወቀችው እንጨቱን ነው። ከቃሬዛው ሁለት አግዳሚዎች አንዱ ሆኗል። በጋቢ የተሸፈነው ማን እንደሆነ አልጠየቀችም።

"ወደቀ እንጂ አልሞተም ነበር" አላት ወሬውን ሰምቶ ከተሸካሚዎቹ ጋር የመጣው አያ ቢምረው። "ፉከራው ሳያልቅ ተነሣበት።"

"ጎሹስ?"

"ጫካ ገባ።"

ቅቤው በመዳፏ ቀልጦ በክንዷ ይወርድ ነበር። ጋቢውን ገለጥ አድርጋ የባሏን አናት ልትቀባ እጇን ስትዘረጋ ከሰዎቹ አንዱ፣ "አልገደለም እኮ፤ ቅቤ የገዳይ ነው" አለ። ክፋት አልነበረበትም፤ ወጉን መናገሩ ነው። እጇ እንደተዘረጋ ቀረ።

"አያ፣ ታዲያ ምን ላድርገው?" አለች።

በመጨረሻ ቅቤውን በገዛ ቀሚሷ ጠረገችው።

ሙት ዓመቱ ካለፈ በኋላ ጫኔ ሊጠይቃት መጣ። እንጨቱ ከበሩ ጥግ ቆሞ ስለነበር ወደዚያ ላለማየት ፊቱን አዙሮ ተቀመጠ።

"እቴ አንጓች፣ ተመስገን ነው፤ ፊትሽ ተመለሰ። ማልቀሱንም ተውሽ። ሐዘንሽን ጣልሽው።"

"ዓይኑን ነክተህ አይተኸዋል?" አለችው።

ጫኔ ተነሥቶ ወጣ። አንጓች ማልቀስ የተወችው እንባዋ ስላለቀ ነበር። በሯን ከፍታ እንጨቱን ባየች ቁጥር ሐዘኑ ይነሣባታል፤ እሷም እንደ ባሏ መሸሻ የላትም።

የወደቀ ሁሉ የሞተ አይደለም። ደምለውን የገደለው ጎሹ ብቻ ሳይሆን፣ ነፍሱ ባልወጣ ነገር ላይ ቆሞ እንዲፎክር ያቻኮለው ሳቅም ጭምር ነው። አንተስ ወዳጄ፣ አሸንፌዋለሁ ብለህ እግርህን የጫንክበት ቂም በእርግጥ ሞቷል? ተጽናንታለች ብለህ የተውካት ሐዘንተኛስ? ደግሞም ከሰው እጅ በሳቅህ ያስጣልከው እንጨት እንዳለ እስቲ አስብ።

ይህን ያነበበ ለሌላው ይንገር፤ ለሟቹም ይጸልይለት። ገዳይ የሚባል ስም ሳያገኝ ቀርቷል። በአምላክ ፊት የሚጠራበት የክርስትና ስም ግን አለው፤ ኃይለ ሚካኤል ብላችሁ አስቡት።