አንዳይጉደል የተባለችው ደሴት

በድሮ ዘመን፣ ልጆቼ፣ በሰፊ ባሕር መካከል አንዲት ደሴት ነበረች። ለራሷ አገር ነበረች፤ ንጉሥ የላትም፣ ስምም የላትም። ሰዎቿ «ቤታችን» ይሏታል፣ በቃ። ደጎች ነበሩ፣ ግን ግትሮች ነበሩ። ከእነሱ መካከል ጥጋቡ የሚባል ብልጣብልጥ ነበረ፤ ምላሱ ማር፣ እጁ ሰነፍ። አንተ ከኋላ ያለኸው፣ ጆሮህን እንጂ አፍህን አልፈለግሁም፤ ዝም ብለህ ስማ።

የደሴቲቱ ሰዎች ደንገል ከሚባል የውኃ ዳር ቄጠማ በታሰረ ታንኳ ዓሣ ያጠምዱ ነበር። ደንገል ውኃ ይጠጣል። ስለዚህ ማታ ማታ እያንዳንዱ ታንኳውን አውጥቶ እንዲደርቅ ዳር ላይ ያቆመዋል። ታንኳው ከቆመ ሰውየው በሰላም ገብቷል ማለት ነው። የአንድ ሰው ታንኳ ካልቆመ ግን በደሴቲቱ ሙሉ እህል የሚቀምስ የለም። ልማዳቸው ነው።

አንድ ቀን የማዶው ንጉሥ መልእክት ላከ። ስም የሌላት አገር ባለቤት የላትም፤ ለመከር በዓል እመጣለሁ፤ ያን ጊዜ በአንድ ድምፅ ስሟን ካልነገራችሁኝ እናንተን አስነሥቼ ለከብቶቼ ግጦሽ አደርጋታለሁ አለ። ሰዎቹ ደነገጡ። የት ይሂዱ? አባቶቻቸው የተቀበሩት እዚያው፣ ልጆቻቸው የተወለዱት እዚያው ነው።

ስም ማውጣት ቀላል ይመስላችኋል? የአያ ድንበሩ ወገን በእኛ አያት ስም ትጠራ አለ። የአያ ሰጥአርጌ ወገን የለም፣ በእኛ አያት አለ። የእሜት የዝና ወገን ደግሞ መጀመሪያ የረገጣት የእኛ ሰው ነው አለ። «ስም ከመቃብር በላይ ነው» እየተባለ ተኳረፉ፤ ሰላምታም ቀረ።

ጥጋቡ ይህን ሲያይ ልቡ በደስታ ዘለለች። ወደ አያ ድንበሩ ሄደና፣ ከንጉሡ ጋር እንተዋወቃለን፣ ያንተን አያት ስም አስጸድቅልሃለሁ ብሎ አንድ እንስራ ማር ተቀበለ። ወደ አያ ሰጥአርጌ ሄደና ያንኑ ብሎ ቡልኮ ተቀበለ። ወደ እሜት የዝና ሄደና ያንኑ ብሎ የምታልባትን ፍየል ነዳ። አደራ ብትለው፣ አደራ በሰማይ አደራ በምድር ብሎ ማለላት፤ ቀጣፊ!

የበዓሉ ዕለት ሰው ሁሉ ንጉሡን ለመቀበል ሽር ጉድ ሲል፣ ጥጋቡ ማሩን፣ ቡልኮውንና ፍየሏን ባረጀ ታንኳው ላይ ጭኖ በደሴቲቱ ጀርባ በኩል ሹልክ አለ።

ንጉሡ ከነሠራዊቱ፣ ከነድግሱ መጣ። ስሟ ማን ነው ብሎ ጠየቀ። ሦስት ወገን ሦስት ስም ጠራ። ጥጋቡ ይጠራ ተባለ፤ ጥጋቡ የለም። ሦስቱም መታለላቸው ያኔ ገባቸው፣ አፈሩም። ንጉሡ ሳቀና፣ እንግዲያው ደሴቲቱ የእኔ ናት፤ ራታችሁን ብሉና ነገ ጓዛችሁን ጠቅልሉ አለ።

ሥጋው ቀረበ፣ ማንም አልነካውም። ጠጁ ቀረበ፣ ማንም አልቀመሰውም። ሕፃናቱ እንኳ ምራቃቸውን እየዋጡ ወደ ባሕሩ ያያሉ። ንጉሡ ተቆጣ፤ ማዕዴን ናቃችሁ ወይ አለ።

እሜት የዝና ተነሣች። «አልናቅንም፣ ጃንሆይ። አንድ ታንኳ አልቆመም።»

«የማን?»

«የሌባችን።»

ፀሐይ ልትጠልቅ ነው። አያ ድንበሩ መቅዘፊያውን አነሣ። አያ ሰጥአርጌ ታንኳውን ወደ ውኃው ገፋ። እሜት የዝና ዘላ ገባች። ያ ሁሉ ኩርፊያ የት እንደገባ እንጃ፣ ሦስቱ በአንድ ታንኳ ሄዱ። ጥጋቡን ሲያገኙት ጭነቱ በዝቶበት ተገልብጧል፤ አንዲት እስር ደንገል አቅፎ ይንቀጠቀጣል።

ጎትተው አወጡት። «እሜቴ፣ እንደሰረቅኋችሁ እያወቃችሁ ለምን መጣችሁ?» አለ።

«ፍየሌን ፍለጋ ነው እንዳልልህ፣ ፍየሏን ባሕሩ በልቷታል» አለችው እሜት የዝና። «አንተ ውጭ እያለህ እህል አይወርድልንም።» ጥጋቡ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰ።

የእሱን ታንኳ ባሕሩ በልቶት የለ፣ ያቀፋትን እስር ደንገል ዳር ላይ አቆሙለት። ያን ጊዜ ሁሉም እጁን ታጥቦ ለራት ተቀመጠ። ንጉሡ ግን አልተቀመጠም። ሰው ስትጠብቁ ምን ትላላችሁ ብሎ ጠየቀ። «አንድ አይጉደል እንላለን» አሉ፣ ሦስቱም ወገን በአንድ ድምፅ።

ንጉሡ ዳር ላይ ወደ ቆመችው እስር ደንገል ተመለከተ። «እኔ ሠራዊት አለኝ፣ ግምብ አለኝ፣ ስም ያላቸው አገሮች አሉኝ» አለ። «ከባሕር ብቀር ግን ራቱን የሚተውልኝ ሰው መኖሩን አላውቅም። አገራችሁ ስም አላት፣ ባለቤትም አላት።» ሠራዊቱን አስነሥቶ ሄደ።

ከዚያ ወዲህ ደሴቲቱ አንዳይጉደል ተባለች። ጥጋቡም ዓሣ እያጠመደ ማሩን፣ ቡልኮውንና ፍየሏን ተካ፤ ማታ ማታም የመጨረሻው ታንኳ እስኪቆም ዳር ላይ እንዲጠብቅ፣ ራቱንም ከሁሉ በኋላ እንዲበላ ተፈረደበት።

አያችሁ፣ ልጆቼ፣ አገር በአያት ስም አይቆምም፤ የጎደለውን በሚፈልግ ሰው ነው የሚቆመው። እኔ ጨርሻለሁ። እናንተ ደግሞ ራት ከመቅረቡ በፊት ወንድማችሁ መግባቱን እዩ።