የሽባባው ላቫጆና የአያ ቢምረው ጋቢ

በቡሬ መናኸሪያ ዙሪያ የተኳረፉ ሰዎች ቶሎ ብለው «በቃ፣ ትቼዋለሁ» ሲባባሉ የሰማ ሽማግሌ ፈገግ ብሎ አንዲት አባባል ጣል ያደርጋል። አባባሏ እንደ ሌሎቹ ከጥንት አባቶች የመጣች አይደለችም፤ ከመኪና ማጠቢያ ነው የወጣችው። እሷ እስክትወለድም አንድ ቅንድብ ተፈንክቷል፣ አንድ አዲስ ጋቢም ጭቃ ጠጥቷል።

ባለ ላቫጆው ሽባባው ይባላል። የሚስቱ የየሺመቤት ወንድም ደርበው ደግሞ መካኒክ ነው። ውሃ በግፊት የሚረጨውን ማሽን አምጥቶ የተከለለት እሱ ነበር። ሲተክልም ወጉን አስተምሮታል። መጀመሪያ ውሃውን ክፈት፣ ከዚያ ሞተሩን አስነሳ። ሰው ላይ አታነጣጥር፣ ራስህም ላይ ቢሆን፤ የመኪና ቀለም የሚልጥ ውሃ የሰው ቆዳ አይምርም። ሞተሩን ካጠፋህ በኋላ የመርጫውን ቃታ ስበህ የቀረውን ግፊት አስወጣ፤ የውሃውን ጎማ ከመርጫው የምትፈታው ከዚያ ወዲያ ነው። ሽባባው ራሱን እየነቀነቀ አዳመጠ። በልቡ ግን «ሃያ ዓመት በባልዲ መኪና ያጠብሁትን ሰውዬ ውሃ ሊያስተምረኝ መጣ» ይል ነበር። ደግ ሰው ነው ሽባባው፤ ምክር ግን እንደ መርፌ ይፈራል።

የተጣሉትም በዚሁ ነው። አንድ ቀን ሽባባው ሥራ ጨርሶ፣ ጭቃ የለበሰ እግሩን ከነሸበጡ በዚያው ማሽን ሊያጥብ ቃታውን ሊስብ ሲል ደርበው ደረሰ። ደንበኞች ተቀምጠው እያዩ መርጫውን ከእጁ ነጠቀና «እንዴት ያለህ ደደብ ነህ» አለው። ሽባባው ሸበጡን እየጎተተ ወጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላምታ ነሳው። ሁለት ወር ሙሉ እንደዚያ ከረሙ።

ሰው ከአማቹ ተኳርፎ መኖር ይችላል፤ ብዙ ሰው ይኖራል። ነገር ግን የሽባባው ልጅ እናና እሑድ ልትዳር ቀን ተቆረጠላት። እሷም የአጎቷን ጉልበት ስማ ካልተመረቀች ከቤት እንደማትወጣ ቁርጡን ተናገረች። እናቷ የሺመቤትም ለባሏ ምሳ እያቀረበች ፊቷን ማዞር ጀመረች። ሽባባው ልጁን ይወዳታል፤ ሰርጓ እንዲበላሽ አይሻም። ተናግሮ መታረቅ ደግሞ ሞቱ ነው። ሰርጉም ሳይበላሽ እኔም ሳልናገር ይሆንልኛል ብሎ ያሰበ እሱ ብቻ ነበር።

ዓርብ ጠዋት አያ ቢምረው፣ የሰፈሩ አስታራቂ ሽማግሌ፣ ደርበውን አስከትለው ላቫጆው ድረስ መጡ። ሽባባው የሙሽራዋን መኪና እያጠብሁ ሥራዬን ጥዬ አልቀመጥም ስላለ ነው ሽምግልናው ወደ እሱ የሄደው። ሽማግሌው ለሰርጉ የተዘጋጀ አዲስ ጋቢያቸውን ለብሰዋል። በርጩማ ቀረበላቸው። ሞተሩ እያጓራ መነጋገር ስለማይቻል ሽባባው አጠፋው፤ መርጫውን ግን እንደያዘ ቆመ።

አያ ቢምረው ምን እንዳቀያየማቸው ጠየቁ። ሽባባው ምንም የለም አለ። ደርበውም ኧረ ምንም አለ። እስቲ ሆዳችሁ ያለውን አውጡት ቢሏቸው፣ ሁለቱም «በቃ፣ ስለ እናና ስንል ትተነዋል» አሉ። ወዲያው ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ። የሺመቤት በአጥሩ ቀዳዳ አይታ እልል ልትል ምንም አልቀራትም። እንዲህ ፈጥኖ ያለቀ ሽምግልና ሽማግሌው አይተው አያውቁም፤ ቢሆንም ሊመርቁ ተነሡ።

ምርቃት የሚቀበል ሰው ደግሞ እጁን ዘርግቶ ነው እንጂ መርጫ ይዞ አይደለም። በዚያ ላይ ጎማው በሽማግሌው እግር ሥር ተጋድሟል። ለሽባባው ይህ ነውር መሰለው፤ ጎማውን ከመርጫው ፈትቶ ሊጠቀልለው ማያያዣውን ያዘ።

«መጀመሪያ ቃታውን ሳበው» አለ ደርበው ቀስ ብሎ።

«ሞተሩ ጠፍቷል።»

«ቢጠፋም ሳበው።»

«ዛሬም በሽማግሌ ፊት ልታስተምረኝ ነው?» አለና ሽባባው ማያያዣውን አዞረው።

በጎማው ውስጥ ታፍኖ የቆየው ውሃ መውጫ አገኘ። የናሱ ማያያዣ ከሽባባው እጅ አምልጦ ቅንድቡን ፈነከተው። ውሃው መሬቱን መታና ጭቃውን አንሥቶ አያ ቢምረውን ከጢማቸው እስከ ጫማቸው አለበሳቸው።

«ይኸው፣ ደስ ይበልህ» አለ ሽባባው ቅንድቡን ይዞ። «ደንበኛ ፊት ደደብ ያልኸኝ አልበቃህም።»

«ደደብማ ነህ» አለ ደርበው። «ያን ቀን ቃታውን ብትስበው ውሃው እግርህን በስቶት ይገባ ነበር። እህቴ አንካሳ ስታስታምም ታየኝ። ፈርቼ ነው የነጠቅሁህ።»

«ታዲያ ለምን እንዲህ ብለህ አልነገርኸኝም?»

«እግዜር ይስጥልኝ ሳትለኝ ሁለት ወር ከርመህ፣ በየት በኩል ልንገርህ?»

ሽባባው እጁን ከቅንድቡ አወረደ። ሁለት ወር ሙሉ የተቀየመው ናቀኝ ብሎ ነበር፤ ሰውየው ለካ የፈራው ለእሱ ኖሯል። ይህን መቀበል ከቅንድቡ ይልቅ አመመው። ደርበው መሐረቡን አውጥቶ ደሙን ሲይዝለት እጁን አልገፋውም። ደደብ ላልኸኝ ግን ይቅርታ ትጠይቃለህ አለው፤ ደርበውም ጠየቀ። ሽባባው ደግሞ ስለ ኩርፊያው፣ ስለ ቃታውም ጭምር ይቅርታ ጠየቀ፤ እሑድም ከልጁ ጎን እንዲቆምለት ለመነው። አያ ቢምረውም ጭቃው እየተንጠባጠበ አንድ ሳያስቀሩ መረቋቸው።

የሺመቤት ሮጣ መጥታ ጋቢውን ልታጥብላቸው እየተቀበለች፣ በሐፍረት አንገቷን ደፍታ «አያ፣ ቅድም ሲሳሳሙ በዓይኔ አይቻለሁ እኮ፤ ታርቀው አልነበር እንዴ?» ብትላቸው፣ ሽማግሌው ጢማቸውን እየጠረጉ «አይ ልጄ፣ ሞተር ቢጠፋ ውሃው መች ተኛ» አሏት።